ሽማግሌ ሆኜ ኮሌጅ ልመርጥ ሄጄ

ሻይ የያዛችሁ አስቀምጡ። ባጃጅ ውስጥ ያላችሁ ብረቱን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

እኔ ትዕግስት፣ የነቀምቴዋ ቲጂ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት፣ ዛሬ ሽማግሌ ሆንኩ!

አረጀሁ አላልኩም። ሽማግሌ ሆኜ ተላኩ። ሙሽራ ሳልሆን፣ ሚዜ እንኳ ሳልሆን፣ በቀጥታ ሽማግሌ!

የተላኩትም ለጋብቻ አይደለም። ኮሌጅ ልንመረምር ነው።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አትሳቁ አልልም፤ ብልም አትሰሙኝም።

በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ትንሽዬ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ኦንላይን ፎርም መሙላት። አንድ ኮምፒውተር፣ ዳንቴል የለበሰ አንድ ፕሪንተር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ፎቶ።

ፎቶውን ልብ በሉልኝ። ጉዴን ያመጣው እሱ ነው።

ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ጥቁር ጋዋን፣ ባለ ክር ቆብ፣ እጄ ላይ በሪባን የታሰረ ጥቅል ወረቀት፣ ከኋላዬ የየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ ፏፏቴ። ከሥር በወርቃማ ፊደል «ኮምፒውተር ሳይንስ» ይላል።

ይሄን አይቶ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይለኛል። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው ኢንጂነር እንዳልሆነ ማን ያስረዳቸው? እኔ? ምን በወጣኝ!

አሁን ለእናንተ ብቻ፣ ማለትም ለአራት ሺህ ተከታዮቼ ብቻ፣ እውነቱን ላውጣው።

ኤግዚት ወድቄያለሁ።

አዎ፣ የመውጫ ፈተናውን። አራት ዓመት ተምረሽ መጨረሻ ላይ የምትፈተኚውን፣ ካላለፍሽ ዲግሪ የማይሰጥሽን ፈተና። ወደቅኩ። ደገምኩ። እሱንም ወደቅኩ።

ጋዋኑስ? የፎቶ ቤቱ ነው። ያ በሪባን የታሰረው ወረቀትም የፎቶ ቤቱ የዋጋ ዝርዝር ነው።

ድግሱ ግን እውነተኛ ነበር! ውጤት ሳይመጣ ቀድመን ደገስን፤ ማለፌን እኔ ብቻ ሳልሆን ዶሮዎቹም አልተጠራጠሩም። ውጤቱ ሲመጣ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። የተበላ ዶሮ አይመለስ ብዬ ዝም።

ለዚያ ድግስ ከነቀምቴ ወጣ ካለችው ጉቴ በግ እየጎተቱ የመጡልኝ ኦቦ ቶለሳ ናቸው። ገበሬ ናቸው፣ የሟች አባቴ የልብ ወዳጅ። አባቴ ካረፈ በኋላ እንኳን ዓመት በዓል መጥቶ እኛን ሳይጠይቁ ቀርተው አያውቁም።

የሳቸው ልጅ ሲፈን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ውጤቷም ደህና ነው፣ እንደኔ እንዳይመስላችሁ! ግን የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ እናቷ ደግሞ እግራቸውን ታመው ያለሷ ከደጅ አይወጡም። ስለዚህ «ከቤቷ እየተመላለሰች እዚሁ ነቀምቴ የግል ኮሌጅ ትማር» ተባለ።

ለዚህ ብለው ኦቦ ቶለሳ ከጥማዳቸው አንዱን በሬ ሸጡ። ጥማድ ማለት ሁለት ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ። እኔም ይዣት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሲፈን ምን ልትማር አሰበች? ኮምፒውተር ሳይንስ! ለምን? የኔን ፎቶ አይታ!

«ቲጂ፣ አንቺ የተማርሽበት ኮሌጅ እንዴት ነው?» አለችኝ ሱቅ መጥታ።

«ጥሩ አይደለም» ብላት «ለምን?» ትለኛለች። «ለምን» ከመጣ ደግሞ ሌላ ሌላውም ይመጣል። ፎቶው ይወርዳል።

«አንደኛ ነው!» አልኳት።

በቃ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ኦቦ ቶለሳ ግን በአንድ ሰው ቃል ልጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «ልጄን አራት ዓመት የምሰጠው ቤት ነው። በሽማግሌ ይጠናልኝ» አሉ።

ኮሌጁ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ጉቴ ድረስ ልኳል። ገበያ መሀል ዘፈን ከፍቶ ብሮሸር በትኗል። ሽማግሌ ግን አልላከም! ኦቦ ቶለሳን የከነከናቸው እሱ ነው። «ፈላጊው እሱ ሆኖ ሳለ! እነሱ ወግ ካላወቁ እኛ እንሂዳ» አሉ።

ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ሆኖ አይሄድም፤ ሦስት መሆን አለበት። አንደኛው ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ የጉቴ አዛውንት፣ ስንቱን ትዳር ያቆሙ፣ የስንቱን ደም ያደረቁ። ሁለተኛው ጋሽ አሰፋ፣ ወላጆቻቸው ከጎጃም የመጡ፣ እሳቸው እዚሁ ነቀምቴ ተወልደው ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ጡረተኛ። እኔንም አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምረውኛል። ሦስተኛው ሰውዬ ጉንፋን ጣላቸው።

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ገና ከመክፈቴ ሁለቱ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ሲፈን።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ ኦቦ ገመቹ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ እንዲህ ብለው ሲጠሩኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። «ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ። እኛ ጋብቻ እንጂ ኮምፒውተር አናውቅም። አንቺ ደግሞ ቤቱን ታውቂዋለሽ።»

«እኔ? ኧረ ሴት ነኝ እኮ! ልጅ ነኝ እኮ!»

«የተማረ ሰው ልጅም ቢሆን ሽማግሌ ነው» አሉ ጋሽ አሰፋ፣ በከዘራቸው ፎቶዬን እያሳዩ።

ደንበኛ አለብኝ አልኩ። ሱቁ ባዶ ነው። ራሴን አመመኝ አልኩ። ሲፈን ከቦርሳዋ ማስታገሻ አወጣች! እንዲህ ያለች የተዘጋጀች ልጅ ታውቃላችሁ?

ሱቁን ዘጋሁ። «ሽማግሌ ያለ ጋቢ?» ተባልኩና የእማዬን ጋቢ በጂንስ ሱሪዬ ላይ ደረብኩ። አራታችን ባጃጅ ውስጥ ተጠቅጥቀን ሄድን።

የኮሌጁን ስም አልጠራም። እዚያ የተማራችሁ በጭማቂ ቤቱ ታውቁታላችሁ።

የኮሌጁ ዲን አዲስ ሰው ነው፣ አያውቀኝም። ተመስገን አልኩ። ቸኩዬ ነው ያመሰገንኩት።

«አከም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ!» አለ እጁን ዘርግቶ።

አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም! ዲኑ ወንበር ሳበ። ቆምን። ሌላ ወንበር አስመጣ። ቆምን። ግራ ገብቶት እሱም ተነሥቶ ቆመ። አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ አምስት ሰው ቆመን ተፋጠጥን።

«ልጅ አለችን» ብለው ጀመሩ ኦቦ ገመቹ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እናንተም እንደምትፈልጓት አገር እየሰማ፣ በሞንታርቦ ነግራችሁናል።»

ዲኑ ሲፈንን አየ። ጋቢዎቹን አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«እኔ... ባለትዳር ነኝ» አለ።

ሳቄን በእማዬ ጋቢ አፈንኩት። ጋሽ አሰፋ ለኮሌጁ እንጂ ለሱ እንዳልመጣን ሲያስረዱት እንዴት በረጅሙ እንደተነፈሰ ብታዩት!

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ሽማግሌዎቻችን ኮሌጁን ልክ እንደ ሙሽራ ነው ያገላበጡት።

«አባቱ ማነው?» ባለቤቱን ነው። «ስንት ዓመቱ ነው?» «ገብተው ጥለውት የወጡ አሉ? ለምን ወጡ?» «አስተማሪዎቹ ይከርማሉ ወይስ በየወሩ ይቀያየራሉ?» «መንግሥት ያውቀዋል?»

ይሄኛው እውቅና ማለት ነው። ዲኑ የእውቅናውን ወረቀት ከግድግዳ አውርዶ ሰጠ። ጋሽ አሰፋ ወደ መስኮቱ ወስደው ማኅተሙን፣ ቀኑን፣ የትምህርት ክፍሉን ስም አንድ በአንድ አዩ። ኮምፒውተር ሳይንስ አለበት። በዚህ አለፈ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ስመዘገብ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልጠየቅኩም። እኔ ኮሌጁን የመረጥኩት ጓደኛዬ ስለገባችና አጠገቡ ጥሩ ስፕሪስ የሚሠራ ጭማቂ ቤት ስላለ ነው። በቃ! አራት ዓመቴን የሰጠሁት ለአቮካዶ ነው።

«እንግዲህ ቤቱን እንይ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ቤቱ ያሉት የኮምፒውተር ላቡን ነው። ሃያ ኮምፒውተር ተሰልፎ፣ እያንዳንዱ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ልክ እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን!

«ያምራል» አሉ ኦቦ ገመቹ። ዳንቴሉን ገለጥ አደረጉና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳለፉ። ጣታቸው አቧራ ይዞ ተመለሰ። ለጋሽ አሰፋ አሳዩአቸው። 

«እስቲ አንዱን አብራልን።»

«ይቅርታ፣ መብራት አሁን ገና ነው የሄደው» አለ ዲኑ።

ከመስኮቱ ማዶ የጭማቂ ቤቱ ማሽን ይጮኻል። ግርርርር!

ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። «እነሱ... ጄኔሬተር አላቸው» አለ ዲኑ።

እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሌላ ነገር አይቼ ደርቄያለሁ። የሦስተኛው ኮምፒውተር ዳንቴል ጥግ ላይ ቡናማ እድፍ አለ። የኔ ሻይ ነው! ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ያፈሰስኩት ሻይ! ከዚያ ወዲህ አልታጠበም። ያኔም ኮምፒውተሩ ላይ ብርጭቆ ያስቀመጥኩት በርቶ ስለማያውቅ ነው፤ ለኔ ጠረጴዛ ነበር።

«ቲጂ፣ ይሠራሉ አይደል?» አለችኝ ሲፈን በሹክሹክታ።

ይሄውላችሁ፣ ፈጣሪ ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። እዚያው ላይ መናገር እችል ነበር።

«ይሠራሉ» አልኳት።

በሬው ትዝ አለኝ። 

እንግዲህ ኮሪደሩ ላይ ደረስን። እዚያ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሸፈነ ሰሌዳ አለ። «የመውጫ ፈተና ያለፉ ተማሪዎቻችን» ይላል፣ በየዓመቱ ተከፋፍሎ። በኛ ጊዜ አልነበረም። ምነው አሁንም ባልኖረ!

ኦቦ ገመቹ ፊታቸው በራ። «የኛም ልጅ እዚህ ውስጥ አለቻ! እስቲ እንያት!»

«ይቅር ኦቦ ገመቹ፣ እኔ ለስም አልኖርም» አልኩ። እንዲህም ብዬ አላውቅ! ስሜን ሱቄ በር ላይ በሁለት ቋንቋ ያጻፍኩ ሴት!

ጋሽ አሰፋ መነጽራቸውን አደረጉ። የኔን ዓመት አገኙ። ከዚያ፣ ወገኖቼ፣ በዚያ ክፍል ሙሉ ተማሪ ባንዴ ጸጥ በሚያሰኘው ድምፃቸው ስም መጥራት ጀመሩ።

በእያንዳንዱ ስም ኦቦ ገመቹ «ተባረክ!» ይላሉ። ሴት ከሆነች «ተባረኪ!»

ተማሪዎች ከየክፍሉ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ።

አሥራ አንድ ስም ተጠራ። አሥራ አንድ ምርቃት ወረደ። እኛ የተማርነው አርባ ምናምን ሆነን ነው።

«አንዱን ዘልዬዋለሁ» አሉ ጋሽ አሰፋና ከታች ወደ ላይ ደገሙት። ኦቦ ገመቹም ምርቃቱን ደገሙት። እነዚያ አሥራ አንድ ልጆች የትም ቢሆኑ ዛሬ ቀናቸው ሳይቃና አይቀርም።

«ትዕግስት!» አሉ ጋሽ አሰፋ ዞር ብለው።

«አቤት!» አልኩ። አፌ ነው! አራተኛ ክፍል ያስለመዱት አፍ!

«እዚህ አለሽ። እዚያ ግን የለሽም» አሉኝ በግርምት።

አሁን የሚያሳዝነውን ስሙ። እነዚህ ሽማግሌዎች ጠረጠሩኝ? በጭራሽ! ተቆጡልኝ!

«የልጃችንን ስም እንዴት ትዘላላችሁ?» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ። «በግ ታርዶ የተመረቀች ልጅ! ኮሌጅ ማለት ልጁን የሚረሳ ቤት ነው?»

«የጽሑፍ ስህተት ይሆናል አባቴ፣ አሁኑኑ ይታረማል!» አለ ዲኑ ተደናግጦ። «ሬጅስትራሯን ጥሯት!»

ሬጅስትራሯን እኔ አውቃታለሁ። እሷም ታውቀኛለች። መሮጥ አሰብኩ፤ ጋቢው ጠለፈኝ።

መጣች። ፋይል ታቅፋለች። አየችኝና ፊቷ በፈገግታ ተሞላ።

«ውይ ቲጂዬ! ለድጋሚው ልትመዘገቢ መጣሽ? ሦስተኛሽ ነው አይደል? አይዞሽ፣ አሁን እንኳን ታልፊያለሽ!»



ጭማቂ ቤቱ እንኳን ማሽኑን አጠፋ።

ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠዋት ሁለት ወንበር ቀርቦላቸው ያልተቀመጡት ሰው!

«ያ ሁሉ ድግስ?» አሉ ጋሽ አሰፋ። ድምፃቸው ወርዷል።

 ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ሰበብ አፌ ላይ ተሰልፎ ነበር፦ ሲስተም ዘግቶብኝ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ ስሜ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ። አንዱን መዘዝ አድርጌ ልጀምር ስል ሲፈን ፊቴ ቆመች።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ የወደቅሽው ወደቅሽ ቲጂ። እኔን ለምን ግቢ አልሽኝ? አባቴ በሬ ሸጦ እንደሆነ እያወቅሽ?»

ሰበቦቼ ሁሉ ጠፉ።

«ፎቶዬ እንዳይወርድብኝ» አልኳት። «አፍሬ ነው ሲፈን። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።»

ከዚያ አለቀስኩ። በእማዬ ጋቢ፣ በኮሪደር መሀል፣ ብሮሸር በያዙ አዲስ ገቢዎች ፊት። አንዷ ሶፍት ሰጠችኝ። ምን ያህል ደግ ልጅ ናት፣ ዛሬ ተመዝግባ ከሆነ ግን እንጃላት።

አንዴ ከጀመርኩ አላቆምኩም። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዳንቴሉ የሚነሣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደነበር። ኮድ የምንጽፈው ወረቀት ላይ በእስክርቢቶ እንደነበር፤ መምህሩ በቀይ «ይሠራል» ብሎ ያርምልናል፣ ኮምፒውተር ግን አይቶት አያውቅም። የአንዱን ኮርስ መምህር በአንድ ሴሚስተር ሦስቴ እንደቀየሩብን። የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን፣ የሆስፒታል ካርድ መመዝገቢያ ሲስተም፣ ፕሪንት ቤት እንዳሠራን።

ዛሬ ደግሞ ፕሪንት ቤቷ እኔ ነኝ! ያንኑ ሲስተም የሽፋኑን ስም እየቀየርኩ ዘንድሮ ለስምንት ቡድን አትሜዋለሁ። የተጠቀመበት ሆስፒታል ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ሁሉንም በኮሌጁ አላላክክም» አልኩ ንፍጤን እየጠረግሁ። «አሥራ አንዱ በዚሁ ዳንቴል ነው የተማሩት። እነሱ ላፕቶፕ ተዋውሰው ሲለማመዱ እኔ እዚያ ማዶ ስፕሪስ እየጠጣሁ ነበር።»

ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ሽምግልና ማለት ይሄ ነው ኢንተላ ኮ። አሁን ሠራሽ። ጠዋት ብትሠሪው ደግሞ ባጃጁ ይቀርልን ነበር።»

ተነሡ። ዲኑ አጠገባችን ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል፤ ጫማውን እያየ ነው። ኦቦ ገመቹ ጨዋ ናቸውና አልሰደቡትም። «ቤታችሁን አይተናል፣ ገለቶማ፣ እናመሰግናለን። መክረን መልስ እንሰጣለን። ደግሞ መብራት ያለ ቀን፣ ሳንነግራችሁ ብቅ እንላለን» አሉት።

በሽማግሌ ቋንቋ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ዲኑም ገብቶታል።

እኔ «በሉ እንግዲህ ሱቄን ልክፈት» አልኩ።

«ቀጣዩ ኮሌጅ ሁለት ሆነን ልንሄድ?» አሉ ጋሽ አሰፋ። ተመልሼ ባጃጅ ውስጥ ተጠቀጠቅኩ። ተዋርዶም መባረር የለም!

ሁለተኛው ኮሌጅ ሞንታርቦ የለውም። ባነርም የለውም። እንዲያውም ባጃጁ ሁለቴ አልፎት ሄዶ ተመለሰ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሴት ናቸው፣ አጠር ያሉ፣ ቁጥብ። ተቀመጡ አሉን። አልተቀመጥንም።

ኦቦ ገመቹ ግን አሁን አባቱ ማነው አላሉም። ከኔ ተምረዋላ!

«ያለፉትን አታሳዩን» አሉ። «ያለፈውን ሁሉም ይለጥፋል። የወደቁትን አምጡልን።»

ሴትዮዋ ተራ በተራ አዩን። ወለሉን እያየሁ «አሁን ያባርሩናል» አልኩ በሆዴ።

መሳቢያቸውን ሳቡና ጫፉ የተጣጠፈ ደብተር አወጡ። ስም፣ ስልክ፣ የወደቁበት ምክንያት። አንዱ በፈተናው ሰሞን ታሞ። አንዷ ዳታቤዝ አልገባ ብሏት። አንዱ፣ ይሄ እኔን የመሰለ፣ «አልተማረም» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይማራሉ። ካልመጡ ደውዬ እቆጣለሁ» አሉ። «ባለፈው አንድ ልጅ ስልኬን ሲያይ ሲም ካርድ ቀየረ። እናቱ ጋ ደወልኩ።»

ኦቦ ገመቹ ጋሽ አሰፋን አዩ። ጋሽ አሰፋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የእውቅና ወረቀቱንም አየን፣ ላቡንም አየን። ስምንት ኮምፒውተር ብቻ። ዳንቴል የለም። አንዱ ላይ ልጆች ተደርበው እየተጨቃጨቁ ነው።

«ኪቦርዱ እኮ ፊደሉ ጠፍቷል» አሉ ጋሽ አሰፋ፣ ነውር ያገኙ መስሏቸው።

ሲፈን ጎንበስ ብላ አየችው። «ስለተነካ ነው» አለች። «እዚህ ነው የምማረው።»

በቃ። እኔ አራት ዓመት ተምሬ ያላየሁትን በአንድ ደቂቃ አየችው።

ያኔ ነው ኦቦ ገመቹ የተቀመጡት። እኛም ተቀመጥን።

«አንድ ጉዳይ ቀረን» አሉ፣ እኔን ሳያዩ። «ቅዳሜ የምታስተምሯቸው የራሳችሁን ልጆች ብቻ ነው? ወይስ የሰውም ልጅ ትቀበላላችሁ?»

 ሲፈን ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ጠንከር አድርጋ ነው የረገጠችኝ፤ የበሬውም ሒሳብ አለበት መሰለኝ።

«የት የወደቀ ነው? ስንቴ?» አሉ ሴትዮዋ ደብተራቸውን ገልጠው።

«ሁለት ጊዜ» አሉ ጋሽ አሰፋ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በዚያው ድምፅ፦ «ትዕግስት!»

«አቤት!»

«ጻፏት።»

ተጻፍኩ! ከስንት ዓመት በኋላ የአንድ ኮሌጅ ዝርዝር ውስጥ ስሜ ገባ። የወደቁት ዝርዝር ነው። ምክንያት በሚለው ሥር ሴትዮዋ ሊጽፉ ሲሉ «አልተማረችም በሉ» አልኳቸው ራሴ።

ለሲፈን ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ እኔው ተድሬ ተመለስኩ፣ አያችሁ?

አመሻሹ ላይ ኦቦ ቶለሳ ደወሉ። ስልኩን ለማንሣት ሦስት ጥሪ ፈጀብኝ።

«ሰማሁ» አሉ።  «በሬዬ የት ሊገባ እንደነበር ታውቂያለሽ ቲጂ?»

«አውቃለሁ ኦቦ ቶለሳ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አባትሽ ቢኖር ይቀጣሽ ነበር» አሉኝ። ከሁሉም ያመመኝ ይሄ ነው። ቆይተው ደግሞ ሳቅ አሉ። «በጉን ምሬሻለሁ። ስታልፊ ሌላ አመጣለሁ። ግን ቢላ ከመሳሌ በፊት አሰፋ ዝርዝሩን ያንብብ።»

እማዬ ፌስቡክ የላትም። ጎረቤቶቿ ግን አላቸው፣ ስለዚህ ይሄን ከመለጠፌ በፊት ቀድሜ ነገርኳት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ጋቢዬን ምን አደረግሽው?» ነው።

«ፕሮጀክት ሥሪልን» ብላችሁ የላካችሁልኝ ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ ሱቄ ሽፋን ብቻ ነው የሚያትመው። ውስጡን ራሳችሁ ጻፉት። ሆስፒታሉን ተዉት፣ በቂ ካርድ አለው።

ሲፈን የመመዝገቢያ ፎርሟን ልታትም ሱቅ መጥታ ነበር። ፎርሙን ራሷ ሞላች፣ እኔን አላስነካችኝም። ልትወጣ ስትል የፕሪንተሬን ዳንቴል አነሣችና ወንበር ላይ ወጥታ ፎቶዬን አለበሰችው።

«እስክታልፊ» አለችኝ። ስትስቅ ከጠዋት ጀምሮ ገና ማየቴ ነው።

አሁን ከዳንቴሉ ሥር የሚታየው ጫማዬ ብቻ ነው። ለካ ፎቶው ላይ በነጠላ ጫማ ነኝ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንም አላየውም፣ እኔም አላየሁትም።

ቅድም ደግሞ አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ የተሸፈነውን ፎቶ አየና «ኢንጂነሯ የለችም እንዴ?» አለኝ።

ምን ልበለው? «ቅዳሜ ትምህርት አለባት፣ እያጠናች ነው» ብለው ያምነኛል?